የእንጀራ ፋብሪካ ሲሠራ ማን ይቅደም?

በሬስቶራንት ጓዳ በሦስትና በአራት ምጣድ የተጀመረው የእንጀራ ሥራ፣ በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ ሌሎች ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች ወደ ፋብሪካነት ካደገ ሰንብቷል። በፕላስቲክ የታሸገ እንጀራ በመደብር መደርደሪያ ላይ ማየት ለማንም አዲስ አይደለም። ግራ የሚያጋባው ፋብሪካውን ማሠራቱ ነው። ብዙ ሰው መጋዘን ይከራያል፤ ኮንትራክተር ይፈልጋል፤ ሦስት ዋጋ ያስቀርብና ዝቅ ያለውን ይይዛል። ምጣዱ የት እንደሚተከል የሚታሰበው ከዚያ ወዲያ ነው። የዕቁብ ገንዘብ፣ ቤት ተይዞበት የመጣ ብድርና የዘመድ አደራ ምርት ሳይጀመር የሚያልቀው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

«የትኛው ኮንትራክተር?» ከማለት በፊት «በምን ዓይነት ውል?» ማለት ይገባል። መንገዶቹ በጥቅሉ ሦስት ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በቆየው መንገድ ባለቤቱ አርክቴክት ቀጥሮ ንድፉን እስከ መጨረሻ ያስጨርሳል፤ ያለቀውን ንድፍ ለጨረታ ያወጣል፤ አሸናፊው ይገነባል። ዋጋው ቀድሞ ይታወቃል፤ ውድድርም አለ። ችግሩ ባለቤቱ በሁለት ውሎች መካከል መቆሙ ነው። ንድፉ ከተሳሳተ ኮንትራክተሩ «የተሰጠኝን ነው የሠራሁት» ይላል፤ ሕጉም ከእርሱ ጋር ነው።

ይህ ሕግ የመጣው ከአንድ የፍሳሽ ቦይ ነው። ስፒሪን የተባለ ኮንትራክተር በብሩክሊን የባሕር ኃይል ግቢ የመርከብ መጠገኛ ገንዳ በ757,800 ዶላር ሊሠራ፣ መንግሥት ባዘጋጀው ንድፍ ተዋዋለ። ንድፉ እንዳዘዘውም በቦታው ያልፍ የነበረውን ባለ 6 ጫማ የፍሳሽ ቦይ አዛወረ። ዓመት ያህል ቆይቶ ኃይለኛ ዝናብ ከባሕር ሙላት ጋር ገጠመና ቦዩ ፈነዳ፤ ጉድጓዱም በውኃ ተጥለቀለቀ። ሲመረመር፣ በንድፉ ላይ ያልተመለከተ ግድብ በተያያዘ ሌላ ቦይ ውስጥ ተገኘ። መንግሥት ኪሳራውን ኮንትራክተሩ ይቻል አለ፤ ስፒሪን እምቢ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1918 ለስፒሪን ፈረደ፤ ንድፍ ያቀረበ ባለቤት ለንድፉ ትክክለኛነት ዋስ ነው ማለት ነው። መጋዘን ተከራይቶ በርካሽ ንድፍ ጨረታ የሚያወጣ ባለ እንጀራ ቤት፣ በዚያ ጉዳይ መንግሥት በቆመበት ቦታ መቆሙን ልብ ይበል።

ሁለተኛው ፈረንጆቹ «ዲዛይን ቢልድ» የሚሉት ነው። ንድፉንም ግንባታውንም አንድ ድርጅት ባንድ ውል ይይዛል። የዚህ ሙያ ማኅበር በአሜሪካ የተቋቋመው በ1993 ሲሆን፣ በ1996 የወጣ ሕግ ደግሞ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መንገዱን በሰፊው ከፈተላቸው። ስህተት ሲመጣ ተጠያቂው አንድ ነው። ንድፉ ሳያልቅ ግንባታው ሊጀመር ስለሚችልም ጊዜ ይቆጥባል፤ ኪራይ እየቆጠረበት ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን አርክቴክቱ የሚሠራው ለኮንትራክተሩ ነው። ኮንትራክተሩ ወጪ ሊቀንስ ወለሉን ቢያሳንስ፣ ለባለቤቱ የሚነግረው ሰው በአካባቢው የለም።

የኢትዮጵያ ሰው ይህን በስኳር አይቶታል። የወንጂን ፋብሪካ ያቆመው በጃቫ ስኳር ያመርት የነበረው የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ነበር፤ በ1954 ሥራ የጀመረው አገዳና ስኳርን በሚያውቁ ሰዎች እጅ ነው። በ2010ዎቹ የጣና በለስ ስኳር ግንባታ የተሰጠው ግን ከዚያ በፊት የስኳር ፋብሪካ ሠርቶ ለማያውቀው ለሜቴክ ነበር። ሥራው ለዓመታት ዘገየና ተወሰደበት። አንድ ተጠያቂ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ተጠያቂው ሥራውን ካላወቀው ግን ምን ይጠቅማል?

ሦስተኛው መንገድ ኮንትራክተሩን ንድፉ በሚዘጋጅበት ጊዜ አማካሪ አድርጎ ቀጥሮ፣ በኋላ «ከዚህ አይበልጥም» የሚል የዋጋ ጣሪያ ማስፈረም ነው። ለትልልቅ ፋብሪካዎች መልካም ነው። ለ10,000 ካሬ ጫማ መጋዘን ግን ይከብዳል።

አሁን ወደ እንጀራው። የትኛውም መንገድ ቢመረጥ፣ ሕንፃው የሚሠራው በሊጡ ልክ ነው። አንድ የቤት ኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት ያህል ይስባል። 20 ምጣድ ባንድ ጊዜ ሲሰካ 30 ኪሎዋት፣ በ240 ቮልት 125 አምፒር መሆኑ ነው። ይህ ለምጣዱ ብቻ ነው፤ ማቡኪያው፣ ማቀዝቀዣውና የአየር መሳቢያው አልተቆጠሩም። የኤሌክትሪክ ኩባንያው ተጨማሪ ኃይል እስኪያመጣ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ይህን ኮንትራክተሩ ከተፈራረመ በኋላ ማወቅ ውድ ነው።

እንፋሎቱስ? ከምጣዱ የሚነሣው እንፋሎት ጣሪያ ላይ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል፤ በ2015 የጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደንብ ደግሞ ከጣሪያና ከቧንቧ የሚወርድ ጠብታ ምግብ እንዳይበክል ሆኖ እንዲሠራ ያዝዛል። ከቡሆው ላይ የሚቀዳው ውኃ ኮምጣጣ ነው፤ ያልተቀባ ሲሚንቶ ይበላል። የፌዴራሉ ደንብ ፒ ኤች መጠኑ ከ5 በታች የሆነ ፍሳሽ ወደ ሕዝብ የፍሳሽ መስመር እንዳይለቀቅ በመሠረቱ ይከለክላል፤ የእንጀራ ሊጥ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። እንግዲህ ማለዘቢያ ጋን የሚቀመጥበት ቦታ ከወለሉ በታች ካሉት ቧንቧዎች ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። ወለል ከፈሰሰ በኋላ ቧንቧ መቅበር ወለሉን መስበር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የጤፍና የስንዴ ነገር ነው። «ግሉተን የለውም» ብሎ በማሸጊያው ላይ ለመጻፍ፣ በ2013 በወጣው ደንብ መሠረት ምግቡ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያነሰ ግሉተን ብቻ ሊኖረው ይገባል። የስንዴ ብናኝ በአየር ይሄዳል። ንጹሕ ጤፍና ቅይጥ ባንድ ጣሪያ ሥር ሊጋግር ያሰበ ሰው የተለየ ክፍል፣ የተለየ ማቡኪያ፣ የተለየ የአየር መስመር ያስፈልገዋል። ይህን የሚወስነው ነጋዴው ነው፤ አርክቴክቱ ካልተነገረው አይገምትም። ፌዴራሉም ቀድሞ ንድፍ አይቶ አያርምም። የሥጋ ውጤት ተቆጣጣሪዎቹ እንኳ የፋብሪካ ንድፍ አስቀድሞ እንዲጸድቅ መጠየቃቸውን በ1997 አቁመዋል።

ስለዚህ ለመካከለኛ ነጋዴ የሚበጀው መንገድ እንዲህ ነው። በቅድሚያ የምግብ ፋብሪካ ሥራ የሚያውቅ መሐንዲስ በራሱ ገንዘብ ለጥቂት ሳምንታት ይቅጠር፤ ዱቄቱ ከሚገባበት በር እንጀራው ታሽጎ እስከሚወጣበት በር ያለውን ሁሉ፣ ከኃይሉና ከፍሳሹ ጋር፣ በወረቀት ያስቀምጥለት። ያን ወረቀት ይዞ ንድፍና ግንባታን ባንድ ውል ለሚይዝ፣ ከዚህ በፊት የምግብ ፋብሪካ ለሠራ ድርጅት ይስጥ። መሐንዲሱ ግን እስከ መጨረሻ በባለቤቱ ደመወዝ ይቆይ። የኪራይ ውሉም የግንባታ ፈቃድ ካልተገኘ ይፈርሳል የሚል አንቀጽ ይኑረው።

አራተኛ መንገድም አለ፤ በመጽሐፍ ባይጻፍም በሰፊው ይሠራበታል። «የጓደኛዬ ወንድም ኮንትራክተር ነው» ተብሎ በእጅ መጨባበጥ የሚጀመረው ነው። ወዳጅነቱ ክፉ አይደለም፤ ወረቀት አለመኖሩ ግን ክፉ ነው። ኮንትራክተሩ ገንዘቡን ተቀብሎ ለቧንቧ ሠራተኛው ባይከፍል፣ ሠራተኛው እንደየስቴቱ ሕግ «ሊን» የተባለውን የዕዳ መያዣ በንብረቱ ላይ ሊያስመዘግብ ይችላል። የከፈለ ባለቤት ሁለተኛ ይከፍላል። መከላከያው ቀላል ነው፦ በእያንዳንዱ ክፍያ ላይ፣ ሥር ያሉት ሠራተኞችና ዕቃ አቅራቢዎች ገንዘባቸውን አግኝተው ይህን መብት መተዋቸውን የሚገልጽ ፊርማ መቀበል።

ከእያንዳንዱ ክፍያም ከመቶ 5 ወይም 10 እስከ ፍጻሜው መያዝ የተለመደ ነው። የሚለቀቅበት ሁኔታ ከመጀመሪያው በውሉ ውስጥ ይጻፍ፦ ምጣዶቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተለኩሰው፣ በእውነተኛ ሊጥ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ተጋግሮ፣ ወለሉ በውኃ ታጥቦ፣ ውኃው አንድም ቦታ ሳያቁር ወደ መውረጃው ሲሄድና ከጣሪያው ጠብታ ሳይወርድ ሲታይ።