እውነት ብቻዋን አትጠራም

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላል ተረቱ። ማንም ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችለውን የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት፣ ውክፔዲያን፣ የሚያወድሱ ሰዎች መከራከሪያም በአጭሩ ይኸው ነው፤ ዛሬ አንዱ ያሳሳተውን ነገ ሌላው ያቃናዋል ይላሉ። በአንጻሩ ብዙ መምህራን «ማንም የጻፈውን ማን ያምነዋል?» ብለው ተማሪዎቻቸውን ፈጽመው ይከለክላሉ። በገዳሪፍና በድንበሩ አካባቢ አማርኛ ለሚያነብ ተማሪ ግን ሁለቱም ምክሮች አያዋጡም።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ድንበሩ ላይ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁበትን ጦርነት ኢትዮጵያዊው የመተማ፣ ሱዳናዊው የገላባት ጦርነት ይለዋል። የአማርኛ መጻሕፍት «ደርቡሽ» የሚሉት ሠራዊት ለሱዳናዊው «አንሷር» ነው። ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1881፣ በአውሮፓውያን 1889፣ በሂጅራ 1306 ነው፤ ሦስቱም ትክክል ናቸው። ይሁንና አንድ ችኩል ገልባጭ 1881ን ሳይለውጥ ወደ እንግሊዝኛው ገጽ ቢወስደው፣ ጦርነቱ ሙሐመድ አሕመድ መሐዲነቱን ገና ባወጀበት ዓመት ላይ ያርፋል። በዚህ ላይ በዓባይ ዳር፣ ከሸንዲ ትይዩ፣ ሌላ መተማ አለ፤ እዚያም እ.ኤ.አ. በ1897 የኸሊፋው ጦር ጃዓሊዮችን ፈጅቷል። ስሙን ብቻ አይቶ የሚጽፍ ሰው ሁለቱን ዕልቂቶች በቀላሉ ያደባልቃቸዋል።

እንዲህ ያለውን ስሕተት ማን ያርመዋል? የክርክሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኔቸር የተባለው መጽሔት 42 የሳይንስ ርዕሶችን አስመርምሮ፣ በአንድ ጽሑፍ በአማካይ በውክፔዲያ አራት፣ በብሪታኒካ ሦስት ያህል ስሕተት መገኘቱን አስታወቀ። ብሪታኒካ አሠራሩን አጥብቃ ብትቃወምም፣ የውክፔዲያ ወዳጆች ያን ውጤት እስከ ዛሬ እንደ ጋሻ ይይዙታል። ነገር ግን የተመረመረው በብዙ ሺህ ዓይን የሚጠበቀው እንግሊዝኛው ነበር። ጠባቂ ሲጠፋ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 ታየ፤ በስኮትስ ቋንቋ ከተዘጋጀው ውክፔዲያ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎችን የጻፈው ቋንቋውን የማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት ሆኖ ተገኘ። ለዓመታት ሲጽፍ ያስቆመው አልነበረም።

አማርኛው ለየትኛው ይቀርባል? የዐረብኛው ውክፔዲያ ከአንድ ሚሊዮን ጽሑፍ በላይ ሲኖረው፣ በአሥር ሚሊዮኖች የሚናገሩት አማርኛ ያለው 15 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። ጸሐፊው ጥቂት በሆነበት አራሚውም ጥቂት ነው። እንግዲህ «እያደር ይጠራል» የሚለው ተስፋ በአማርኛ ገጾች ላይ ባዶ ተስፋ ነው።

ታዲያ መምህራኑ መከልከላቸው ልክ ነው? አይደለም። ክልከላ መልስ የሚሆነው ሌላ በር ሲኖር ነው። በሐምቡርግ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤትዮፒካ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጾች ታትሟል፤ በሊቃውንት የተጻፈ ታላቅ ሥራ ነው፤ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ያደገ ተማሪም እጁ አይደርስበትም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ በኋላ ደግሞ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆዩ፤ በገዳሪፍም ብዙዎቹ የተፈናቃይ ማደሪያ ሆነዋል። እንዲህ ባለ ዘመን ለብዙ ወጣት ቤተ መጻሕፍቱ የእጅ ስልኩ ነው። ክልከላው ንባቡን አያስቀረውም፤ ከመምህሩ ይደብቀዋል እንጂ። ተማሪው መጽሐፉንም መሪውንም አጥቶ ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል።

ከማመንም ከመከልከልም የሚሻለው መመርመርን ማስተማር ነው። እያንዳንዱ የውክፔዲያ ገጽ የተለወጠበትን ታሪክ፣ የጸሐፊዎቹን ሙግትና የተጠቀሱ ምንጮችን ከነጉድለታቸው ያሳያል፤ የታተመ የመማሪያ መጽሐፍ ይህን አያሳይም። መምህሩ የመተማን ጦርነት በአማርኛ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ አንብባችሁ አመሳክሩ፣ ዘመኑንና ስሙን አስተያዩ፣ ምንጭ የሌለውን ዓረፍተ ነገር ለይታችሁ አምጡ ቢል፣ ያ አንድ ክፍለ ጊዜ የአንድ ዓመት ክልከላ የማይሰጠውን ትምህርት ይሰጣል።

ጊዜ የለም የሚል መምህር ይኖር ይሆናል። ሆኖም ሦስቱን ቋንቋዎች ባንድነት የሚያነቡ ሰዎች የሚገኙት እንደ ገዳሪፍ ባሉ ከተሞች ነው። እነርሱ ያላረሙትን የድንበሩን ታሪክ ድንበሩን ያላየ ሰው ይጽፈዋል፤ ልጆቻቸውም ያንኑ ገልብጠው ፈተና ላይ ይመልሱታል። ንጋት የማንንም እጅ ሳይጠብቅ ይመጣል፤ እውነት ግን የሚያጠራት ሰው ትሻለች።