«ሞተሪኖው ነው» ከማለት በፊት

ሞተር ሳይክል አልነሳ ሲል ዙሪያውን የከበበው ሁሉ መካኒክ ነው። አንዱ «ካንዴላው ነው» ይላል፤ ሌላው «ካርቡራተሩ ተደፍኗል» ብሎ ይምላል፤ ሦስተኛው ሳይጠየቅ ካቻቢቴ ያነሳል። አዲስ አበባም ሆነ አሁን በምኖርበት ሜሪላንድ ጠባያችን ያው ነው፤ እዚህ ግምቱ የሚከፈለው በዶላር መሆኑ ብቻ ይለያል። እኔ የምለው፣ ሳይለካ ምንም ዕቃ አይገዛ ነው።

በረዶው እንዳለፈ አንድ ጓደኛዬ ያማሃ ቪ ስታር 650 ሞተሩን ከጋራዥ አወጣ። ክሩዘር የሚባለው ዓይነት ነው፤ ወንበሩ ዝቅ ያለ፣ እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ የሚነዳ፣ በኒኬል ያሸበረቀ። ማስነሻውን ሲጫን ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል እንጂ ሞተሩ አይዞርም። ባትሪውን ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጎታል። ስለዚህ «ሞተሪኖው ነው» ተብሎ ተፈረደ፤ አዲስ ሊያዝ ስልኩን አውጥቷል።

እኔ ያወጣሁት ርካሽ የቮልት መለኪያ ነው። ባትሪው ባረፈበት 12.7 አሳየ፤ ሙሉ ነው። ቀጥዬ አንዱን የመለኪያ ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን እዚያው ላይ በታሰረው ገመድ ጫፍ ላይ አሳረፍኩና «ተጫን» አልኩት። የተነካኩ ብረቶች ናቸውና በመካከላቸው ቮልት ሊታይ አይገባም፤ ቢበዛ ከ0.2 አይበልጥም። ቁጥሩ ግን ከ5 በላይ እየዘለለ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ብሎኑ ላልቶ ከሥሩ አመድ የመሰለ ዝገት አብቅሏል። ኃይሉ ሞተሪኖው ዘንድ ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግነው፣ አጠበቅነው፣ ተነሳ። ሞተሪኖውም ሳይታዘዝ ቀረ።

ቁጥሮቹን ማንም በቃሉ ሊይዛቸው ይችላል። ያረፈ ባትሪ 12.6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደህና ነው፤ 12 ላይ ከወረደ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሙሉ ሆኖ ሳለ ማስነሻው ሲጫን ከ9.6 በታች የሚወድቅ ከሆነ ባትሪው ራሱ አርጅቷል። ሞተሩ ተነስቶ ዙሩ ከፍ ሲል ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ካላሳየ፣ ባትሪውን መቀየር ለጊዜው ከማስታገስ አያልፍም፤ ቻርጅ የሚያደርገው ክፍል ይፈተሽ። (ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መሪው ላይ ያለውን ቀዩን ማጥፊያ እዩት። ስንቱ ሞተር እሱ ተዘግቶ ሳለ በመኪና ተጭኖ ጋራዥ ሄዷል!)

ካርቡራተሩን የሚከሱትም ሁልጊዜ አይሳሳቱም። ብርዱን ሙሉ ሳይነካ የከረመ ቤንዚን፣ እየተነነ ሙጫ የመሰለ ነገር ይተውና የሚኒሞውን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። የአሜሪካው ቤንዚን አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ስላለበት እርጥበትም ይስባል። ይህም ግን ምልክት አለው፤ በቾክ ተነስቶ ቾኩ ሲመለስ የሚጠፋ ሞተር በራሱ ላይ ይመሰክራል።

ከመኪና የተረፈ ዘይት መጨመርም ተለምዷል። የዚህ ሞተር ፍሪሲዮን የሚዋኘው እዚያው የሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ የተቀመመ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትተው ይችላል፤ ጠርሙሱ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚለው ይፈለግ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የጎማው ነገር ነው። ክሩዘር ለዓይን የተሠራ በመሆኑ ገንዘቡም ወደሚያበራው ያደላል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፉትን አራት አኃዞች የሚያነብ ግን የለም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። በቅርቡ እንደ መስተዋት በሚያበራ ሞተር ጎማ ላይ 1412 የሚል አነበብኩ፤ በፈረንጆች 2012 በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ባለቤቱን ብጠይቀው፣ የዚህ ወር ገንዘብ ድምፁ ጎላ ላለ ማርሚታ ተይዟል አለኝ።