«ሶብር አድርጊ» ብቻ አይበቃም



ዛሬ የምናነሳው ሁላችንም የምናውቀውን፣ ግን ለሀፍረት ብለን የምንሸፋፍነውን ጉዳይ ነው። መጠጥ በሙስሊም ቤቶችም ገብቷል።

ባለፈው ዓመት ረመዳን ሊገባ ሲል አንዲት እህት ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂዳችን መጣች። ባሏ ለዓመታት በየማታው አረቄ ይጠጣል። «ጠዋት ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ምግብ አይበላም፣ ዓይኑ ቢጫ እየሆነ ነው። ምን ላድርግ?» አለችን። እኛም «ሶብር አድርጊ፣ ዱዓ አብዢ» ብለን ሸኘናት። ያልናት ሐቅ ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነበር የነገርናት።

ረመዳን ሲገባ ሰውየው ነይቶ በአንድ ጊዜ አቆመ። አልሐምዱሊላህ አልን። በሦስተኛው ቀን ላብ አጠመቀው፣ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፣ ከሌለ ሰው ጋር ማውራት ጀመረ። ቤተሰቡ «ጂን ነው» ብሎ ለሩቅያ ወደኛ አመጣው። ልንቀራበት ስንቀመጥ ከጀመዓው ነርስ የሆነ ወንድማችን «መኪና ውስጥ ቅሩበት፤ አሁኑኑ ሆስፒታል!» አለን። በአላህ ፈቃድ ነፍሱ ተረፈች።

ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም አእምሮው ይናወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው ይችላል። ከዚያ መቃዠት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ይከተላል። ካልታከመ ሊገድል ይችላል፤ በሐኪም እጅ ግን መድኃኒት አለው። የዓይን ቢጫ መሆን ደግሞ የጉበት ጉዳት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይሰጠውም።

«ታዲያ አታቁሙ ልትሉ ነው?» የሚለን አይጠፋም። አዑዙቢላህ! ኸምር ሐራም ነው፣ መተውም ግዴታ ነው። እኛ የምንለው፣ እንዲህ ሱስ የያዘው ሰው በሐኪም ክትትል ይተው ነው። ሕክምና ከተወኩል ጋር አይጋጭም። የታመመም ጾሙን አፍጥሮ በኋላ ቀዷ ያወጣል።

እህቴ ሆይ! የባልሽን ችግር ለሐኪም ወይም ሊረዳሽ ለሚችል ሰው መንገር ሐሜት አይደለም። ሂንድ (ረ.ዐ) የባለቤቷን ስስት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስትነግር መፍትሔ ሰጧት እንጂ ዝም በይ አላሏትም። እጁን የሚያነሳብሽ ከሆነም ራስሽንና ልጆችሽን ማዳን ከሶብር አያወጣሽም።

ወጣቶች ሆይ! የሚጠጣ ጓደኛችሁን አትሳደቡ። በመጠጥ ደጋግሞ የተቀጣን ሰው አንድ ሶሐባ ሲረግመው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለው፣ አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መስክረውለታል። ስድቡን ትታችሁ እጁን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ አድርሱት። አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል።

እኛም ከዚያች ቀን ወዲህ «ሶብር አድርጊ» ካልን በኋላ «ሐኪም ጋር ሄዳችኋል ወይ?» ሳንል አንሸኝም።

አላህ ቤቶቻችንን ይጠብቅልን፣ የታመሙትንም ያሽርልን። ኣሚን!