ከዘመቻ ለተመለሰ ወታደር የሚከፈል ዕዳ

ጦርነት ባለቀ ጊዜ የመንግሥት ዕዳ አያልቅም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ሊቃውንት በመንግሥት ገንዘብ የራዳርን ጥበብ አራቅቀው ለሠራዊቱ አስረክበው ነበር። ኋላም ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1944 ዓ.ም. በፈረሙት ሕግ መሠረት፥ የአሜሪካ መንግሥት ከዘመቻ ለተመለሱት ወታደሮች የትምህርታቸውን ዋጋና መተዳደሪያቸውን ስለ ከፈለላቸው፥ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡት ወደ ኮሌጅና ወደ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1947 ዓ.ም. ከተማሪዎቹ እኩሌታ የሚያህሉት ከእነርሱ ወገን ነበሩ። ነገር ግን ሕጉ ዘርን ባይለይም፥ አፈጻጸሙ በየአገሩ ሹማምንት እጅ ስለ ነበረ፥ በደቡብ ክፍል ብዙ ጥቁሮች ወታደሮች የትምህርት ቤት በር ተዘግቶባቸው ቀሩ። እንግዲህ ዕውቀቱን ለጦር የሰጠ ዩኒቨርሲቲ ለተዋጊውም በሩን ያለ አድልዎ ሊከፍት ይገባዋል፤ የሕግም መልካምነት የሚታወቀው በፈጻሚው ቅንነት ነው።