ስታብላይዘሩ ያዳነው ፍሪጁን ነበር

ዛሬ የፍቅር ጨዋታ የሚጠብቅ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ፤ የማወራው ስለ ሽቦ ነው። ቢሆንም በተቃጠለ ቴሌቪዥን የተኳረፉ ባልና ሚስት አውቃለሁና ከመንደራችን ብዙም አልወጣንም።

ነገሩ የሆነው እዚሁ አማኑኤል፣ እኔ ባደግሁበት ግቢ ነው። ስድስት አባወራ፣ አንድ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ። ሰፈሩ የወፍጮና የብየዳ ሰፈር ስለሆነ አምፖላችን ቀን ቀን ዓይኑን ሲያርገበግብ ይውላል፤ ለምደነዋል።

እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ፣ ልጃቸው ከቤይሩት በላከችላቸው ገንዘብ ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨርና ሆም ቴአትር ገዙ። «ያለ ስታብላይዘር እንዳትከፍቱት» ብላ እሱንም ያስገዛቻቸው ልጅቷ ናት። ገጣሚው ማን ይሁን? እኔ! 12ኛ ክፍልን ስጨርስ ፊዚክስ ስለቀናኝ በግቢው ኤሌክትሪሺያን ተብዬ ቀረሁ፤ ማንም አልፈተነኝም።

መጀመሪያ ደህና አድርጌ ገጥሜው ነበር። ስታብላይዘሩ ግድግዳው ላይ፣ ማከፋፈያው ስታብላይዘሩ ላይ፣ ዕቃዎቹ ማከፋፈያው ላይ። ከዚያ እትዬ «ፍሪጁንም እዚሁ ሰካልኝ፣ እሱም ይጠበቅ እንጂ» አሉ። እንዴት እምቢ ይባላል? ሰካሁ።

አንድ ቅዳሜ ቤቱ በኳስ ተመልካች ጢም ብሎ ሳለ ፍሪጁ ተነሳ። ስታብላይዘሩ ቀጭ፣ ቀጭ አለና ጭልም! ጩኸቱን ብትሰሙ። እኔም «ለዛሬ ብቻ» ብዬ ማከፋፈያውን ከስታብላይዘሩ ነቀልኩና በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ያቺ ለዛሬ ብቻ ሰባት ወር ከረመች።

የ2015 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ በግቢው ሦስት ምጣድ ተጥዷል። የእንጀራ ምጣድ አንዱ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። እትዬ ጋግረው ጨርሰው ቴሌቪዥን ከፍተዋል። አምፖሉ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ቦግ ብሎ ነጭ ሆነ። «ጎሽ፣ ዛሬስ መብራቱ በረታ!» አሉ። አፋቸውን ሳይዘጉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን።

ምን ሆኖ መሰላችሁ? በፌዝና በኑትራል መካከል 220 ቮልት አለ፤ በፌዝና በፌዝ መካከል ግን 380። በግቢያችን ማንም እየጠመዘዘ የቀጠለው የኑትራል ሽቦ በምጣዱ ጭነት ግሎ ተበጠሰ። ያኔ ቤቶቹ 380ውን ይቀራመቱታል፤ ምጣድ የጣደው ጥቂት ይደርሰዋል፣ አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ የከፈተው ግን ትርፉን ይሸከማል። ስታብላይዘሩ ይህን ሲያይ ቆረጠ። ከጀርባው የነበረው ፍሪጁ ብቻ ነው፤ እሱ ተረፈ። ቴሌቪዥኑና ሆም ቴአትሩ ተቃጠሉ።

እትዬ አልተቆጡኝም፤ የጎዳኝም እሱ ነው። ልጅቷ ለእንኳን አደረሳችሁ ስትደውል «ቴሌቪዥኑ እንዴት ነው?» አለች። ስልኩን ለእኔ አቀበሉኝ። ነገርኳት። ዝም አለች፣ ዝም አለች፣ ከዚያ «የስንት ወር ደሞዜ እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ፍሪጅ ለብቻው ስታብላይዘር ይፈልጋል፤ ሞተሩ ሲነሳ ለቅጽበት ከተለመደው ብዙ እጥፍ ይስባል። ምጣድ፣ ካውያና የውሃ ማፍያማ ጨርሶ አይጠጉት። ሳጥኑ ላይ 1000 ቪኤ ተጽፏል ብላችሁ 1000 ዋት አትጫኑበት፤ መብራቱ ሲደክም የስታብላይዘሩም አቅም አብሮ ይደክማል። እኔ ከግማሽ አላልፍም።

ቴሌቪዥኑ፣ ሪሲቨሩና አምፕሊፋየሩ ከአንድ ማከፋፈያ ይጠጡ። አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያኛው ግድግዳ ስትሰኩ ነው ብዙ ጊዜ ስፒከሩ «እምምም» የሚለው። ማከፋፈያ ላይ ሌላ ማከፋፈያ መደረብ ይቅር፤ ላላ ያለ ሶኬት ይግላል፣ ይቀልጣል። አምፕሊፋየሩን መጨረሻ ክፈቱ፣ መጀመሪያ ዝጉ፤ ስፒከሩን «ጓ!» ከሚያደርገው ምት ታድኑታላችሁ።

የዲሹን ገመድ ሁሉም ይረሳዋል። ስታብላይዘሩ የሚጠብቀው በሶኬት የሚመጣውን ነው፤ በክረምት መብረቅ በጣሪያ በኩል፣ በዲሹ ገመድ ሊገባ ይችላል። ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት ሶኬቱንም ገመዱንም ንቀሉ። መብራት ሲጠፋም ነቅላችሁ ጠብቁ፤ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይርጋ። አምፖል ከወትሮው አብልጦ ቦግ ካለ ደግሞ እንደ እትዬ አትመርቁት፣ ሮጣችሁ ዋናውን ማጥፊያ አጥፉ። የኑትራሉን ሽቦ ግን ለባለሙያ ተዉት፤ እኔን ጨምሮ የግቢ ፊዚክስ አዋቂ አይንካው።

ቴሌቪዥኑን ተሸክሜ ሲኒማ ራስ አካባቢ ወስጄ ፓወር ቦርዱን አስቀየርኩ፤ ከዚሁ አምድ በማገኛት ሳንቲም በሦስት ጊዜ ከፈልኩ። ሆም ቴአትሩ አልዳነም፤ ምናለሽ ተራ በእቃ ዋጋ ተሸጠ። እትዬ ዛሬም ኳስ ባለ ቁጥር ይጠሩኛል። ከመቀመጤ በፊት ጎንበስ ብዬ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሶኬቶቹን መንገድ በጣቴ እከተላለሁ። እሳቸው ደግሞ ከበላዬ ቆመው «የፍሪጁ የት ነው?» ይሉኛል። «ለብቻው ነው እትዬ።» «አሳየኝ።» አሳያቸዋለሁ።

ሳምንት ሰው ይበለን።