«ቁራሽ»፦ በ1960ዎቹ ያልተሠራው ፊልም

እስቲ አንድ ጨዋታ እንጫወት። በ1960ዎቹ ተሠርቶ፣ ጠፍቶ፣ ዛሬ የተገኘ የሚመስል የአማርኛ ፊልም እንፍጠር። ካሜራ አያስፈልገንም፤ ሐሳብ ይበቃናል።

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ ልብሱ ነው። አፍሮ ጸጉር፣ ቤልቦተም ሱሪ፣ ፒያሳ ላይ የቆመች ቮልስዋገን፣ ከኋላ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ። አለቀ! ይሄ ግን ፊልም ሳይሆን የፎቶ ቤት መጋረጃ ነው። ፊልምን የዘመኑ ልጅ የሚያደርገው ልብሱ ሳይሆን ዘመኑን እንቅልፍ የነሳው ጥያቄ ነው።

የዚያ ዘመን ጥያቄ ምን እንደነበር ለማወቅ ኃይሌ ገሪማን ማየት ይበቃል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊሜትር ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ቀረጸው። ባላባት፣ ገበሬ፣ አንድ እብድ፣ እና አንድ ጥያቄ፦ መሬቱ የማን ነው? ፊልም ያኔ ቀልድ አልነበረም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ቴሌቪዥን የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ አሳየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

እኛ ግን ፊልማችንን ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተ ልሔም እንወስደዋለን። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ የቅዱስ ያሬድን ድጓ የተማረ ዕውቀቱን የሚያስመሰክርባት። ለምን እዚያ? የዘመኑ መፈክር እዚያ ሲደርስ ስለሚንተባተብ ነው። «መሬት ላራሹ» ለደቡቡ ጭሰኛ ግልጽ ነበር። የበጌምድርና የጎጃም ገበሬ ግን በአብዛኛው ባለ ርስት ነው። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብሩ ላይ ሲያምጽ አንዱ ስጋቱ «ርስቴ ሊነካ ነው» የሚል ነበር።

እንግዲህ ታሪኩ። ርዕሱ «ቁራሽ»። ደበሎ የለበሰ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት መሬቷን ለእኩል ሰጥታ እያሳረሰች፣ ከልጆቿ ቀንሳ ቁራሽ ትሰጠዋለች። ዓመታት ያልፋሉ። ልጁ ድጓውን ይጨርሳል፣ ይመሰከርለታል። ከዚያ በአንድ ደብር ቦታ ያገኛል። ለካህናቱ አገልግሎት የተመደበ የሰሞን መሬት አለው፤ ከመሬቱ ግብር የምትከፍለው ደግሞ ያቺው ሴት ናት። ትናንት በልመና የተቀበለውን ዛሬ በመብት ሊቀበል ነው።

በታኅሣሥ 1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ይጀመራል። አንድ ዘማች ተማሪ ከከተማ መጥቶ እደጇ ይቆማል። የካቲት 25 መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ይታወጃል። አሁን ሁለት ተማሪዎች አሉን። አንዱ ሰማዩን፣ አንዱ ታሪክን ይጠቅሳል። ሁለቱም በእሷ እህል ነው የሚኖሩት። አንዳቸውም «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብለው አይጠይቋትም።

«ይሄማ ቤተ ክርስቲያንን መወረፍ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይደለም። ያ መሬትና ያ ቁራሽ ባይኖሩ ድጓው ለእኛ ባልደረሰ። ፊልሙ ክስ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ ጠላት መርጦ መግደል ነው። የእኛ ባለ ሰሞን ግን መጥፎ ሰው አይደለም፤ ዘማቹም አይደለም። ሥርዓት ማለት ጥሩ ሰዎችም የሚኖሩበት ቤት ስለሆነ ነው ማፍረሱም ማቆየቱም የሚከብደው።

አቀራረጹ እንደ ዘመኑ ይሁን፦ ጥቁርና ነጭ፣ ተዋናዮቹ የአገሩ ሰዎች፣ ሙዚቃው ድጓና የውሻ ጩኸት ብቻ። መጨረሻው ላይ ሴትየዋ ሁለቱንም እደጅ አቁማ ወደ ውስጥ ትገባለች። ሞሰቡን ትከፍታለች። ቁራሽ ይዛ ትወጣ ይሆን? እዚያ ላይ ይቆረጥ።

ከተሜዎቹ እኛም ስለ ገበሬው ስንከራከር ስንቶቻችን ጠይቀነዋል? የፊልም ሰዎች ሆይ፣ ሐሳቡ በነፃ ነው፤ ውሰዱት። ቤልቦተሙን ብቻ ተዉልን።