ራም ተቀየረ፤ ማዘርቦርድ ተቃጠለ?

መካነ ሰላም ላይ የአንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ሲቆም የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ማመልከቻ ሊያስጽፍ ከገጠር የመጣ ባለጉዳይ የፍርድ ቤት ቀጠሮው ያልፍበታል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስረክብበት ቀን ይደርስበታል። ስለዚህ ጠጋኝ «ይሄ ማሽን አልቆለታል» ከማለቱ በፊት ደጋግሞ ሊያስብ ይገባል እላለሁ።

ይህን ፍርድ አብዝቼ የምሰማው ራም ከተጨመረ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ በአቀስታ በኩል ደሴ ለሚሄድ ሰው ገንዘብ ይሰጣል፤ ራሙ ይመጣል፣ ይሰካል። ማብሪያው ሲጫን ግን ስክሪኑ እንደጠቆረ ይቀርና ከውስጥ «ጢጥ፣ ጢጥ» የሚል ድምፅ ይወጣል። ወዲያው «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ይባላል።

ማዘርቦርዱ ጨርሶ ሞቶ ቢሆን ግን ባልጮኸም ነበር። በብዙ ማሽኖች ላይ ያ የሚደጋገም ጩኸት «ራም አላገኘሁም» ማለት ነው። እንግዲህ አሮጌውን ራም ብቻውን መልሶ መሰካት ነው። ከተነሳ ማዘርቦርዱ አልተቃጠለም፤ ጥያቄው ወደ አዲሱ ራም ይዞራል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ማየት ነው። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች ርዝመታቸው እኩል ስለሆነ ዓይን ይሸወዳል። የመጀመሪያው 240 ፒን አለው፣ በ1.5 ቮልት ይሠራል፤ ሁለተኛው 288 ፒን አለው፣ በ1.2 ቮልት ይሠራል። ከታች በኩል ያለችው ክፍተት የተለያየ ቦታ ላይ የተደረገችው አንዱ በሌላው ስሎት እንዳይገባ ነው። እምቢ ያለውን በጉልበት የሚጫን ሰው ያኔ በእርግጥ ማዘርቦርድ ይገድላል።

ዓይነቱ ልክ ሆኖም እምቢ ካለ አቧራውን ልጠርጥር። በበጋ የመካነ ሰላም ነፋስ አቧራ ያላስገባበት ቤት የለም። ገመዱ ይነቀላል፤ ከዚያ የኬዙ ብረት በእጅ ይነካል፤ በደረቅ አየር ሹራብ የለበሰ ሰው ገላ ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ራም ሊያበላሽ ይችላልና። ወርቃማው ጠርዝ በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ይታሻል፤ ፍርፋሪው በሚገባ ይራገፋል። ራሙ ሲመለስ የስሎቱ መያዣ «ቀጭ» እስኪል በሁለቱም ጫፍ እኩል ይጫናል። በአንድ ወገን ብቻ ገብቶ የቀረ ራም ስንቱን ማሽን እንዳስጣለ! አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ንብረት ክፍል ጥግ የተወረወረ ኮምፒውተር በዚህ ብቻ ሲነሳ አይቻለሁ፤ ላጲሱም የጸሐፊዋ ነበር።

«8 ጊጋ ገዝቼ ከ4 በታች ነው የሚጠቀመው» የሚል ቅሬታም አለ። እዚህ ላይ ሻጩ ላያጭበረብር ይችላል። 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም፤ ማሽኑ የሚቀበል ከሆነ 64 ቢት መጫን ነው።

ደሴ ያላችሁ ሻጮች፣ ከመሸጣችሁ በፊት የማሽኑን ሞዴል ጠይቁ። ከሩቅ የመጣ ገዢ ያልገጠመለትን ራም ሲመልስም ቀይሩለት። ገዢውም ከመንገዱ በፊት የአሮጌውን ራም ጽሑፍ በስልኩ ፎቶ ያንሳ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ኮምፒውተር በሚወገድ ንብረት መዝገብ ከማስፈራቸው በፊት ራሞቹን አንድ በአንድ፣ በየስሎቱ ያስሞክሩ።